ድንበሩን ማን ያሰምራል? የካስፓሮቭን መጽሐፍ ከዓመታት በኋላ ስናነበው

በቅርቡ አንድ ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ጠብቆኝ፣ «መምህር፣ ማሽን ከእኔ በተሻለ የሚሠራውን ነገር እኔ ለምን እማራለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ሥዕል ይወዳል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን እርሳሱን አስቀምጧል። «አይዞህ፣ የሰውን ፈጠራ ማንም አይተካውም» ልለው ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። እውነት ስለመሆኑ እርግጠኛ አልነበርኩማ።

እናንተም ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። እኔ ደግሞ ቤት ስገባ፣ ጥያቄውን ዓለም እያየው የተጋፈጠ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርጄ እንደገና አነበብኩት። ሰውየው የቀድሞው የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭ ነው። መጽሐፉ «ጥልቅ አስተሳሰብ» ይሰኛል፤ ከሚግ ግሪንጋርድ ጋር ሆኖ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ንዑስ ርዕሱ በአማርኛ ሲመለስ «የማሽን ብልህነት የሚያበቃበት፣ የሰው ፈጠራ የሚጀምርበት» ማለት ነው። ደፋር ርዕስ ነው፤ እዚህ ድረስ የማሽን፣ ከዚህ ወዲያ የሰው ብሎ ድንበር ያሰምራል። እስቲ ያ ድንበር ዛሬም ቆሞ እንደሆነ አብረን እንየው።

ከመሸነፉ በላይ ያመመው ሽንፈት

ካስፓሮቭ በ22 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1996 ፊላዴልፊያ ላይ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የሠራውን ዲፕ ብሉ የተባለ ኮምፒውተር 4 ለ 2 አሸነፈ። በግንቦት 1997 ኒውዮርክ ላይ እንደገና ሲገጥሙ ግን ኮምፒውተሩ 3½ ለ 2½ ረታው።

ዲፕ ብሉ እንዴት ነበር የሚያስበው? እኛ እንደምናስበው አልነበረም። በሰከንድ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ የሰሌዳ አቀማመጦችን ይፈትሻል፤ ለእያንዳንዱም ነጥብ ይሰጣል። የነጥብ አሰጣጡን ደንብ ያወጡት ደግሞ መሐንዲሶችና አብረዋቸው የሠሩ ግራንድ ማስተሮች ናቸው። ስለዚህ በ1997 ፈጠራ ነበረ ከተባለ፣ የነበረው ማሽኑን በሠሩት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው።

የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ስለ ሁለተኛው ጨዋታ የሚተርከው ነው። ዲፕ ብሉ በዚያ ጨዋታ ካስፓሮቭ ከማሽን ያልጠበቀውን፣ ሰው የተጫወተው የሚመስል የረጋ እርምጃ ተራመደ። ካስፓሮቭ ተረበሸና ተሸነፍኩ ብሎ እጁን ሰጠ። በማግስቱ ግን የራሱ ቡድን አባላት ጨዋታው አቻ ሊያልቅ ይችል እንደነበር ነገሩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ያን ጊዜ ከነበሩት ሁሉ የላቀው ተጫዋች መውጫ መንገድ እያለው ያልፈለገው ለምንድን ነው? «መውጫ ቢኖርማ ማሽኑ አይቶ ይዘጋው ነበር» ብሎ ስላመነ ነው። በዚያች ቅጽበት ያሸነፈው የማሽኑ ስሌት ብቻ ሳይሆን ካስፓሮቭ ስለ ማሽኑ የነበረው እምነትም ነው።

ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። ዛሬ የምትጠቀሙባቸው የውይይት ፕሮግራሞች መልስ የሚሰጡት በሙሉ ልብ ነው። እስቲ ከአንዳቸው ጋር ቼዝ ተጫወቱ፤ ሳይቸግራቸው ሕጉ የማይፈቅደውን እርምጃ ሲራመዱ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። መልሱ እርግጠኛ ሆኖ ስለቀረበ ብቻ የራሳችንን ፍለጋ ካቆምን፣ አቻ ልናወጣው የምንችለውን ጨዋታ እየተውን ነው።

ካስፓሮቭ በወቅቱ ከማሽኑ ጀርባ የሰው እጅ ሳይኖር አይቀርም ብሎ ጠርጥሮ ነበር። በመጽሐፉ ግን ጨዋታዎቹን በዘመናዊ ፕሮግራሞች መርምሮ፣ ለዲፕ ብሉ ቡድን ያለው ክብር እንደጨመረ፣ ስለ ራሱ አጨዋወት የነበረው ግምት ደግሞ እንደቀነሰ ይናገራል። ከ20 ዓመት በኋላ «የተሸነፍኩት እኔ ነኝ» ማለት ቀላል አይደለም። መጽሐፉን አንብቡት የምላችሁ በመጀመሪያ ለዚህ ሐቀኝነቱ ነው።

ቶሎ ያረጀው ተስፋ

አሁን ወደማልስማማበት ልግባ። የመጽሐፉ ዋና ተስፋ «ሰው ሲደመር ማሽን» ነው። ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በ1998 ስፔን ውስጥ ሊዮን ከተማ ላይ ከቬሴሊን ቶፓሎቭ ጋር ሲጋጠም ሁለቱም ኮምፒውተር ይዘው ነበር የተጫወቱት። በ2005 ደግሞ በኢንተርኔት በተካሄደ፣ ሰውና ማሽን ተጣምረው እንዲጫወቱ በሚፈቅድ ውድድር ላይ አስገራሚ ነገር ሆነ። ያሸነፉት ግራንድ ማስተሮች ሳይሆኑ ሦስት ኮምፒውተሮችን በብልሃት ያቀናጁ ሁለት አማተር ተጫዋቾች ነበሩ። ካስፓሮቭ ከዚህ ተነስቶ አንድ ደንብ አወጣ፤ ደካማ ሰው ከማሽን ጋር ሆኖ ጥሩ የአሠራር ዘዴ ካለው፣ መጥፎ ዘዴ የያዘውን ጠንካራ ሰውና ማሽን ይበልጣል።

ደንቡ ያምራል፤ ለትምህርትም ለሥራም ይጠቅማል። ችግሩ ካስፓሮቭ እንደ ዘላቂ እውነት ማቅረቡ ላይ ነው። በቼዝ ሰሌዳ ላይ ያ ዘመን አጭር ነበር። ዛሬ በጠንካራ የቼዝ ፕሮግራም ውሳኔ ውስጥ ሰው እጁን ሲያስገባ፣ ብዙ ጊዜ ከማሻሻል ይልቅ ያበላሻል። ስለዚህ «አይዟችሁ፣ ማሽኑ ምንጊዜም እኛን ይፈልጋል» የሚለውን ማጽናኛ ከቼዝ ልንወስድ አንችልም። ቼዝ የሚነግረን እንዲያውም ተቃራኒውን ነው።

መጽሐፉ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የዲፕማይንዱ አልፋዜሮ መጣ። ለአልፋዜሮ የቼዝ ሕግ ብቻ ተሰጠው። የሰው ጨዋታ አላየም፤ የግራንድ ማስተር ምክርም አልነበረውም። ከራሱ ጋር እየተጫወተ፣ ከራሱ ሽንፈት እየተማረ፣ በ4 ሰዓት ሥልጠና ስቶክፊሽ የተባለውን ኃይለኛ ፕሮግራም በለጠ። በ2018 በታተመው ጥናት ላይ ከስቶክፊሽ ጋር ካደረጋቸው 1,000 ጨዋታዎች 155ቱን አሸንፎ በ6ቱ ብቻ ተሸንፏል፤ ሌላው አቻ ነው። የሚፈትሸውም በሰከንድ ወደ 60 ሺህ አቀማመጥ ሲሆን ስቶክፊሽ ግን ወደ 60 ሚሊዮን ይፈትሽ ነበር። አነስ ያለ ፍተሻ፣ ግን የተሻለ «ዓይን» ማለት ነው።

(«4 ሰዓት» የሚለው ቁጥር ሲያስደንቃችሁ፣ ለጨዋታዎቹ ብቻ 5,000 ልዩ የስሌት ቺፖች በአንድ ላይ ይሠሩ እንደነበር አትርሱ። የሳይንስ ዜና ስታነቡ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ቁጥር መፈለግ ልመዱ።)

አልፋዜሮ ለረጅም ጊዜ ጥቅም ሲል ወታደሮችንና ሌሎች ጠጠሮችን ይሠዋ ነበር። የዳር ወታደሮችን እየገፋ የተቃራኒውን ንጉሥ ያስጨንቃል። ይህን ሰው ቢያደርገው «ፈጠራ» ከማለት አናመነታም። የካስፓሮቭ ድንበር እንግዲህ መጽሐፉ ዓመት ሳይሞላው ተጣሰ።

ታዲያ የሰው ፈጠራ ሞተ?

የለም። ማስረጃውም እዚያው ጨዋታው ውስጥ አለ። በጎ በተባለው የእስያ ጨዋታ ላይ ተመራማሪዎች ከ1950 እስከ 2021 ድረስ ባለሙያዎች የተጫወቷቸውን ከ5.8 ሚሊዮን በላይ እርምጃዎች መርምረው ውጤቱን በ2023 አሳትመዋል። ከሰው የሚበልጥ ማሽን ከመጣ በኋላ የሰዎቹ ውሳኔ ተሻሽሏል፤ ከዚህ በፊት ያልታዩ እርምጃዎችም በዝተዋል። ማግነስ ካርልሰንም ከአልፋዜሮ ብዙ መማሩን በግልጽ ተናግሯል። በ2025 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአልፋዜሮ «ጭንቅላት» የወጡ አዳዲስ ሐሳቦች ለአራት ግራንድ ማስተሮች ቀርበው፣ የአራቱም ውጤት ተሻሽሏል።

ሌላኛውን ገጽም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ፕሮግራም ሲዘጋጅ ጨዋታው ሊመሳሰል ይችላል። በ2018 የዓለም ሻምፒዮና ካርልሰንና ካሩዋና ያደረጓቸው 12ቱም መደበኛ ጨዋታዎች አቻ ነበሩ። የማሽን ትምህርት ፈጠራን ሊከፍትም ሊያደነዝዝም ይችላል፤ ልዩነቱ መልሱን መሸምደዳችን ወይም ምክንያቱን መጠየቃችን ነው።

ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቼዝ ከሌላው ሥራ ይለያል። የቼዝ ተመልካች ማየት የሚፈልገው ሰውን ነው፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰዓት ሲያልቅበት፣ ሲሳሳት። መኪና ከሰው ስለፈጠነ የሩጫ ውድድር እንዳልቀረ ሁሉ፣ ቼዝም አልቀረም። የመጽሐፍ ሽፋን ለሚሥል ወይም ሰነድ ለሚተረጉም ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ደንበኛው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሥራውን እንጂ ሠሪውን አይደለም። ስለዚህ «ቼዝ ተርፏል፣ ሁሉም ይተርፋል» የሚል ሰው ከአንድ ምሳሌ ብዙ እየቆረጠ ነው። ስለ እንጀራ የሚነሳው ጥያቄ በቼዝ ሰሌዳ አይመለስም፤ የሕግና የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው። ካስፓሮቭ እዚህ ላይ ከሚገባው በላይ ተስፈኛ ነው።

በእኛ ሰሌዳ ላይ

ድንበሩ በስሌት ኃይል ካልተሰመረ በምን ይሰመር? እኔ መልሱን ያገኘሁት በእኛው በድሮው ሰንጠረዥ ውስጥ ነው።

የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደመዘገቡት፣ በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን እያየ፣ እየፈጠነም እየተወም፣ ጠጠሮቹን እንዳሻው ያንቀሳቅሳል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ይቀጥላል። ደግሞም ማሸነፍ ብቻ አይበቃም። ንጉሡን በፈረስ መያዝ ብዙም አያስከብርም ነበር፤ በደካሞቹ፣ በተለይ በወታደሮቹ መያዝ ግን ያስመሰግናል።

አያችሁ? ሰዎች ተቀምጠው «ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን አምሮ ማሸነፍ» የሚል መለኪያ አወጡ። የሰንጠረዥን ሕግ ለአልፋዜሮ ዓይነት ፕሮግራም ብትሰጡት በአጭር ጊዜ ከሁላችንም ሊበልጥ ይችላል። በወታደር መርታት በፈረስ ከመርታት እንደሚያምር ግን ከየት ያውቃል? እናንተ ካልነገራችሁት አያውቅም። ማሽን የተሰጠውን ግብ ይመታል። የትኛው ግብ መመታት እንዳለበት፣ የትኛው ጨዋታ መጫወት እንደሚገባው የምንወስነው ግን እስካሁን እኛ ነን። «እስካሁን» የምለው ሆን ብዬ ነው፤ እንደ ካስፓሮቭ ዓመት የማይሞላው ድንበር ማስመር አልፈልግም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዛሬ ሰንጠረዥን በድሮው ሕግ የሚጫወት ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ያጠፋውም ማሽን አይደለም። ጨዋታው የተዳከመው ሰው መጫወቱን ስለተወ፣ ለልጁም ስላላስተማረ ነው። ፈጠራ ብዙውን ጊዜ በብርቱ ተቀናቃኝ ተሸንፎ አይሞትም። የሚሞተው የያዘው ሰው እጁን ሲያነሳ ነው፤ ልክ ካስፓሮቭ አቻ ሊያወጣው ከሚችለው ጨዋታ እንደተነሳው።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። «ማሽኑ ከአንተ የተሻለ ሥዕል ሊሥል ይችላል፤ አልዋሽህም። ግን አንተ ምን መሣል እንደሚገባ የምታውቀው ስትሥል ብቻ ነው።» አልተዋጠለትም፤ «ላስብበት» ብሎኝ ሄደ። መጽሐፉን ግን አውሼዋለሁ። እናንተም ካገኛችሁት አንብቡት። ድንበሩን እመኑ ብዬ አይደለም፤ የት ላይ እንደተሳሳተ ራሳችሁ እንድታገኙት ነው።