ኔትወርኩ ፈጠነ፤ ዋጋው ማን ዘንድ ደረሰ?



ከጅማ ሒርማታ ተነሥታችሁ ወደ መናኸሪያው ስታቀኑ በየሱቁ በር፣ በየጃንጥላው ሥር፣ ሲም ካርድ በሚሸጡ ወጣቶች ካናቴራ ላይ አንድ ቃል ደጋግሞ ይገጥማችኋል፤ «ፈጣን» የሚል ቃል። ትናንት 3ጂ ነበር፤ ከዚያ 4ጂ መጣ፤ አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ 5ጂ ሆኗል። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር እኛም አብረን ያደግን ይመስለናል። እስቲ ዛሬ ቆም ብለን እንጠይቅ። ፍጥነቱ ጨመረ፤ መልካም። ግን ለማን ነው የሚደርሰው? ሲደርስስ ምን ይዞለት ይመጣል?

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ አንድ ትንሽ ገጠመኝ ነው። በአንድ የቡና ለቀማ ወቅት አጋሮ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ አንድ አዛውንት ጀንፈል ቡና በአህያ ጭነው መጡና ከአጠገቤ አረፍ አሉ። በዕድሜ አባቴን ያህላሉ። በኪሳቸው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ አለች። ከጎናችን ሁለት ወጣቶች በዘመናዊ ስልክ የአውሮፓ እግር ኳስ በቀጥታ ያያሉ፤ ምስሉ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ አይቆራረጥም። አዛውንቱ ወደ እነርሱ ዘወር ብለው «ልጆቼ፣ እስቲ በዚያች ስልካችሁ የዛሬውን የቡና ዋጋ እዩልኝ» አሉ። ልጆቹ ጨዋዎች ነበሩና ጨዋታውን አቁመው ፈለጉላቸው። የአንድ ተጫዋች ዝውውር ስንት ሚሊዮን እንደሆነ ባፍታ የሚነግራቸው ስልክ በዚያች ዕለት አጋሮ ላይ የአንድ ኪሎ ጀንፈል ዋጋ ስንት እንደሆነ ሊነግራቸው አልቻለም። «አላገኘነውም አባባ» አሏቸው። አዛውንቱም «አላህ ያውቃል» ብለው ተነሡ፤ ገዢው የጠራውንም ዋጋ ተቀብለው ሸጡ።

የተሰጣቸው ዋጋ ትክክል ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። ያሳዘነኝ እሳቸውም አለማወቃቸው ነው።

ከመተቸታችን በፊት ግን መልካሙን ለባለቤቱ መመስከር ይገባናል። በአገራችን የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሞባይል የባለጸጋ ጌጥ ነበር። አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ለመደወል ቴሌ ሄዶ ተራ የጠበቀ ሰው በየቤታችን አለ። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። በ2007 ዓ.ም. 4ጂ አዲስ አበባ ገባ፤ የተሻሻለው 4ጂም በ2013 ዓ.ም. በየክልሉ ከተሞች ይዘረጋ ጀመር፤ ጅማም ደረሰ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፍ 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪ ደግሞ 40 በመቶ ቀነሰ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ፤ በግንቦት 2014 ዓ.ም. 5ጂ በአዲስ አበባ ሙከራውን ጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በድሬዳዋ አገልግሎት በመጀመሩ አገሪቱ በአንድ ድርጅት ብቻ የምትገለገልበት ዘመን አከተመ።

ይህ ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ በዐረብ አገር የምትሠራ እህት ገጠር ላለች እናቷ ፊቷን እያሳየች ታወራለች። እናትም የልጇን ክሳትና ውፍረት በዓይኗ ታያለች። ስልክ ዝምድናን መቀጠያ ከሆነ ኒዕማ ነው፤ ኒዕማን ማሳነስ አይገባም።

ይሁንና «ፈጣን» ማለት ምን እንደሆነ እንረዳ። የሞባይል ማማ እንደ ሰፈር ምንጭ ነው። ከምንጩ የሚወጣው ውኃ የተወሰነ ስለሆነ ቀጂው ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። አዲሱ ቴክኖሎጂ የምንጩን አፍ ያሰፋዋል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በከፍተኛ ሞገድ የሚሠራ ሬዲዮ ብዙ መረጃ ይሸከማል እንጂ ሩቅ አይዘልቅም፤ ኮረብታና ጫካ ይጋርዱታል። የጎማ፣ የጌራ፣ የሊሙና የማና ቡና ደግሞ የሚበቅለው በኮረብታው ጎን፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሁለተኛ፣ ማማው ከበስተጀርባው ብዙ መረጃ የሚችል መስመር፣ ከሥሩም የማይቋረጥ ኃይል ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ 4ጂ የማይቀበል ቀፎ ለያዘ ሰው የምንጩ አፍ ሰፋ አልሰፋ ልዩነት የለውም፤ እንስራው ያው የቀድሞው ነው። የአጋሮው አዛውንት በከተማው መካከል፣ በፈጣኑ ኔትወርክ ሥር ቆመው ነበር፤ ፍጥነቱ ግን በራሳቸው ላይ አለፈ።

ውድ አንባቢያን! ይህ ጉዳይ ለእኛ አዲስ አይደለም። በፊቅህ መጻሕፍት የግብይት ምዕራፍ ውስጥ «ተለቂ አር-ሩክባን» የሚባል ርእስ አለ። ይህም ሸቀጥ ጭኖ ወደ ከተማ የሚመጣውን ቅፍለት ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛት ማለት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ከልክለዋል። ገዢው የከተማውን ዋጋ ያውቃል፤ ከሩቅ የመጣው ባለ ሸቀጥ ግን አያውቅም። በዚህ መልክ የሸጠ ሰው ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲረዳ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ እንዳለውም በሐዲሥ ተላልፏል። እስቲ ልብ እንበል! ሚዛኑ አልተጭበረበረም፤ ዋጋውም በስምምነት ነው የተቆረጠው። ሆኖም አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቅ ስለተሸጠ ሸሪዓው ዝም ብሎ አላለፈውም። ገዢው ከዕቃው ጋር የሰውየውን አለማወቅ አብሮ ገዝቷልና።

አሁን ወደ ቡናችን እንመለስ። ከገበሬው ደጅ እስከ ወደብ ድረስ ሰብሳቢ አለ፣ አቅራቢ አለ፣ ላኪ አለ። ላኪው አዲስ አበባ ተቀምጦ የኒው ዮርክን ገበያ በስልኩ ላይ ይከታተላል። አቅራቢው ከላኪው ጋር ቀኑን ሙሉ ይደዋወላል። ገበሬው ግን ዋጋ የሚሰማው ከገዢው አፍ ነው። ያለፉትን ዓመታት አስታውሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዶላር ወደ ላይ ወጣ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ የአረቢካ ቡና ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ከዚያ በፊት ያልታየ ከፍታ ላይ ደረሰ። የዶላሩም የቡናውም ዋጋ እንዲህ በሚዋዥቅበት ዘመን የሳምንት ወሬ ይዞ ገበያ መውጣት ዓይንን ጨፍኖ እንደመሸጥ ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው። ፈጣን ኔትወርክ በሁለቱም ወገን እጅ ከገባ ፍትሕን ያቀርባል። በአንዱ ወገን እጅ ብቻ ከሆነ ግን የድሮውን ክፍተት የባሰ ያሰፋዋል። ቀድሞ ነጋዴው ገበሬውን የሚበልጠው በአንድ ቀን ወሬ ነበር፤ አሁን ሁልጊዜ፣ በየደቂቃው ይበልጠዋል። መንገድ ላይ ወጥቶ ቅፍለት መጠበቅ ሳያስፈልገው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ቅፍለቱን ይቀበላል።

መፍትሔው 5ጂ ነው የሚል ካለ ያለፈውን ይመልከት። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና በ2001 ዓ.ም. ቡናን ሲያገበያይ ከዓላማዎቹ አንዱ ዋጋን ለሁሉም ግልጽ ማድረግ ነበር። በየገበያ ከተማው የዋጋ ሰሌዳ ተተከለ፤ 929 ላይ ደውሎ ዋጋ መስማትም ተቻለ። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ 8028 የተባለ ነጻ የገበሬዎች የምክር መስመር ተከፈተ፤ ፊደል ላልቆጠረ ገበሬ በአፋን ኦሮሞም፣ በአማርኛም በድምፅ የሚመልስ ነበር። እነዚህ አገልግሎቶች የፈለጉት የአዛውንቱን ዓይነት ተራ ቀፎና ያልተቆራረጠ ተራ ጥሪ ብቻ ነበር።

እርግጥ ጉድለት ነበረባቸው። የምርት ገበያው ዋጋ ተበጥሮ ደረጃ የወጣለት ቡና ዋጋ ነው፤ ገበሬው ግን የሚሸጠው እሸት ወይም ጀንፈል ነው። ከማዕከሉ ዋጋ ላይ የመፈልፈያው፣ የመጓጓዣውና የአቅራቢው ትርፍ ሲቀነስ አጋሮ ላይ ስንት ይቀራል? ይህን የሚያሰላለት ሰው ይፈልጋል። የአዛውንቱም ጥያቄ ይኸው ነበር። ወጣቶቹ ስልክ ላይ መልስ ያጡት ኔትወርኩ ቀርፎ አይደለም፤ የዚያን ገበያ ዋጋ በየዕለቱ ሰብስቦ የሚያስቀምጥ ባለመኖሩ ነው። ባዶ ጎተራ በሩ ቢሰፋ እህል አይወጣውም።

ስለዚህ ለስልክ ድርጅቶቹም ሆነ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የምንለው አለን። በምርቃት ቀን የሚነገረን ትልቁ ቁጥር የከተማው ፍጥነት ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ሌላም ቁጥር ይነገረን። ከጅማ ዞን ቀበሌዎች በስንቱ ጥሪ ሳይቆራረጥ ይገባል? መብራት ሲጠፋ ማማው ስንት ሰዓት ይቆያል? በአፋን ኦሮሞ፣ በድምፅ፣ ያለ ክፍያ የአካባቢን ዋጋ የሚናገር መስመር መቼ ይኖራል? ደግሞም ፍጥነት ያለ ዘላቂነት ከንቱ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። በተዘጋ መስመር ላይ 4ጂም ሆነ 2ጂ እኩል ናቸው። ገበሬው ኑሮውን በስልክ ላይ እንዲመሠርት የሚጋበዝ ከሆነ መስመሩ እንደማይከዳው መተማመኛ ሊኖረው ይገባል።

ለድርጅትና ለመንግሥት ይህን ካልን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ኔትወርክ ዋጋን ብቻ አያጓጉዝም፤ ወሬንም ያጓጉዛል። በ2003 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ከጅማ ብዙም በማትርቀው አሰንዳቦ «ቁርኣን ተዋረደ» የሚል ወሬ ተነሣ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጎረቤቶቻችን ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ያኔ በአገሪቱ 4ጂ አልነበረም። ወሬው ያን ሁሉ ያደረገው በቀርፋፋው ዘመን ነው። ዛሬስ? ከሱረቱል ሑጁራት የተማርነው ወሬ ሲመጣ ማጣራትን ነው፤ የስልኩ ቁልፍ ግን ከማጣራታችን በፊት «ላክ» ይለናል። የገበሬው ዋጋ ዘግይቶ፣ የሐሰት ወሬ ቀድሞ የሚደርስበት ኔትወርክ ፈጣን ነው ሊባል ይችላልን?

ነጋዴ ወንድሜ! ገበሬ ቡናውን ይዞ ከፊትህ ሲቆም የዕለቱን ዋጋ ስልክህ ላይ ካየህ ለእርሱም ንገረው። ትርፍህን ውሰድ፤ ትርፍ ሐላል ነው። ብቻ እያወቀ ይሽጥልህ። በረካው ከዚያ ውስጥ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ስልክ አላቸው፤ አያቶቻቸው ቡና አላቸው። በገበያ ዋዜማ ማምሻ ላይ ልጁ ጅማ ላለ ዘመድ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ለሁለት ሦስት አቅራቢዎች ይደውልና ዋጋውን ለአያቱ ይንገር። የሰማውንም ለጎረቤት ያካፍል። መስጊድ ውስጥ መገበያየት እንደማይገባ እናውቃለን፤ ከግቢው ውጭ ግን አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ብትሰቀልና የዕለቱ ዋጋ በጠመኔ ቢጻፍባት ምን ይከለክላል? አንድ ስልክ ያለው ልጅና አንድ ጠመኔ ለመላው ቀበሌ ይበቃሉ።

የአጋሮው አዛውንት ዛሬም ገበያ ይወጡ ይሆናል። ኔትወርኩ ፈጥኗል የምንለው እሳቸው «የዛሬው ዋጋ ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከመሸጣቸው በፊት የሚመልስላቸው ያገኙ ዕለት ነው።

ወላሁ አዕለም።