ከቅጽሩ ውጭ የቆሙት፦ የዘጌው መጽሐፍ በስኪፖል

የሃይማኖትን አጀማመር የሚመረምረው አንትሮፖሎጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲወለድ መሰላል ይዞ ነበር የመጣው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት ሁሉ ምንጭ በመናፍስት ማመን ነው አለ። ከስኪፖል በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል በምትርቀው ላይደን፣ በ1877 የሃይማኖቶች ታሪክ ፕሮፌሰር የሆነው ኮርኔሊስ ቲሌ ደግሞ ከተፈጥሮ አምልኮ ተነሥቶ ሃይማኖቶችን በደረጃ ደረደራቸው። ታቦትና ዛር፣ ጾምና ቡዳ ጎረቤት ሆነው የሚኖሩበት አገር ከዚህ መሰላል የትኛው እርከን ላይ ይሰቀላል?

«እንግዳ በግብዣው ላይ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው የቶም ቦይልስተን መጽሐፍ (2018) መሰላሉን ከነጭራሹ ይተወዋል። ደራሲው ጣና ዳር ዘጌ ተቀምጦ የሚጠይቀው ክልከላ ምን እንደሚሠራ ነው። አብዛኛው ጎልማሳ አይቆርብም፤ የሚቀርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው፤ ሌላው ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። የውጭ ሰው ይህን የእምነት መላላት አድርጎ ሊያየው ይችላል። ቦይልስተን ግን መራቁ ራሱ ግንኙነት መሆኑን ያስረዳል። ደጅ ተሳልማ የምትመለስ እናት ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ንድፈ ሐሳብ አያስፈልገውም።

የመጽሐፉ ድፍረት ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የማይታረስ፣ ቡናውና ደኑ የተጠበቀለት ምድር ነው እየተባለ ይተረካል። ቦይልስተን ከዚህ ቅድስና ጎን ቡናውን የለቀሙትን ባሪያዎችና ዘሮቻቸው ዛሬም የሚሸከሙትን መገለል ያስቀምጣል። ቡዳንም አብሮ ከመብላት ጀርባ የተደበቀ ፍርሃት አድርጎ ያነበዋል። በገዳማት ውዳሴ ላይ ያደግን አንባቢዎች እዚህ ላይ ቀስ ብለን ማንበብ አለብን።

ሐሳቡን ከዘጌ አውጥተን ብንፈትነውስ? ብዙዎቻችን የምንመላለስበት ስኪፖል በ1852 በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ የተሠራ ነው (ከጣና ጋር ማነጻጸሩን ለአንባቢ ልተው)። እዚያ ለሁሉም እምነት የተዘጋጀ የጸሎት ክፍል አለ፤ መጋረጃ የለው፣ ቅጽር የለው፣ ማንንም ከደጅ አይመልስም። በቦይልስተን አስተሳሰብ ከሄድን፣ ማንም በማይከለከልበት ቦታ መቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ አይደለም። ጾም ግን ቅጽር ሳይሻ ይጓዛል። ሆኖም በዓመት 180 ቀን ያህል መንደሩ በሙሉ የሚጾመው ጾምና አውሮፕላን ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሥጋውን «አይ፣ ይቅርብኝ» ብሎ የሚጾመው አንድ ናቸው ወይ? ሁለተኛው ወደ ግል ኅሊና የቀረበ፣ እንዲያውም የፕሮቴስታንት ጠረን ያለው ይመስለኛል። መጽሐፉ የዘጌ ነውና እዚህ ድረስ አልመጣም፤ ለስደተኛ አንባቢ የሚጎድለው ምዕራፍ ግን ይኸው ነው።

በኢንተርኔት በነጻ ስለሚገኝ ባሕር ዳር ያለውም አምስተርዳም ያለውም እኩል ሊያነበው ይችላል። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ግን ዋናው ቃሉ ላይ ይቸገራል። በሰውና በአምላክ መካከል የሚቆመውን ሁሉ «ምልጃ» ካለው ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ከሚከራከሩበት መሐል ይገባል፤ «ማገናኘት» ካለው ደግሞ ስለ ስልክ የሚያወራ ይመስላል።