ስለ ጋዜጣ አዘጋጅ ሴቶች

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ብሂል በአገራችን አለ። ይህን የተናገረው ሰው ሴት አታውቅም አላለም፤ ዕውቀቷ የሚፈጸመው በወንድ ፈቃድ ነው ማለቱ ነው። ስለዚህ ብሂሉን ለማፍረስ የሴቶች መማር ብቻ አይበቃም። ተምራ የመጨረሻውን ቃል የምትናገር ሴት መገኘት አለባት። በጋዜጣ ቤት ደግሞ የመጨረሻው ቃል የአዘጋጁ ነው። ዘጋቢ ያየውን ያመጣል፤ ጸሐፊ ያሰበውን ይጽፋል፤ የቱ በፊተኛው ገጽ እንዲወጣ፣ የቱ እንዲቀር የሚቆርጠው ግን አዘጋጁ ነው።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ስለ እነዚህ ሴቶች ዛሬ የሚጻፈውን ሳነብ አንድ ጉድለት አያለሁ። ይኸውም «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚለውን ማዕርግ ሰጥቶ ማለፍ ነው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ካሣሁን ከቀደምት ሴት ጋዜጠኞቻችን አንዷ መሆናቸውን ብዙ ሰው ይናገራል፤ «ማኅቶተ ጥበብ» የተባለ መጽሐፋቸውን ከፍቶ ያነበበው ግን ስንቱ ነው? ሰውን ያለ ሥራው ማመስገን በር ላይ ተቀብሎ ወደ ቤት እንዳለማስገባት ነው።

ሥራውን ከመረመርን ልዩነቱ ይገለጣል። ሜሪ አን ሻድ የተባለች ጥቁር መምህርት በ1853 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በካናዳ ጋዜጣ ባቋቋመች ጊዜ በአዘጋጅነት ያወጣችው የአንድ ወንድ ስም ነበር፤ አንባቢው የሴት ጋዜጣ አይቀበልም ብላ ሠግታለችና። ሂንድ ነውፈል በ1892 በእስክንድርያ «አል ፈታት» የተባለ የሴቶች መጽሔት አወጣች፤ ነገር ግን ፖለቲካ አልነካም ብላ አስቀድማ አስታወቀች፤ ካገባችም በኋላ መጽሔቱ ብዙ አልቆየም። ማርግሪት ዱራን ግን በ1897 በፓሪስ «ላ ፍሮንድ» የተባለውን ዕለታዊ ጋዜጣ ስትመሠርት ከጽሕፈቱ እስከ ፊደል ለቀማው ሥራውን ለሴቶች ሰጠች፤ ደመወዛቸውንም ከወንዶች እኩል አደረገች። ጋዜጣዋ ሴቶች በጥብቅና ሙያ እንዲገቡ ተከራከረ፤ በ1900ም ሕጉ ተፈቀደላቸው። ሦስቱም ቀዳሚ ይባላሉ፤ ነገር ግን አንዷ ስሟን ሸሸገች፣ አንዷ ወሰኗን ራሷ አጠበበች፣ አንዷ ወሰኑን ገፋች። ይህን የምለው ሁለቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሁሉም በዘመናቸው የተቻላቸውን አድርገዋል። ልዩነቱን ሳይለይ የሚያመሰግን ሰው ግን ለሚመጣው ትውልድ ትምህርት አይተውም።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ አይምሰላችሁ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ልጃገረድ የጠለፈ ሰው በሕግ ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ይህ የተለወጠው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። በመካከሉ አርባ ሰባት ዓመት አለፈ። ሕጉን የሚያውቁ የተማሩ ወንዶች ጠፍተው ነበር? አልጠፉም። ሕጉ የሚያቃጥለው የእነርሱን ገላ ስላልነበረ ነው። ለውጡ የመጣው ሴት የሕግ ባለሙያዎች ተደራጅተው ጉዳዩን አደባባይ ካወጡት በኋላ ነው። የትኛው በደል አደባባይ ይውጣ ብሎ መምረጥም የአዘጋጅ ሥራ ነው።

በእኛ ዘመን ወይዘሮ ሰርካለም ፋሲል «አስኳል»፣ «ምኒልክ»ና «ሳተናው» የተባሉትን ጋዜጦች ከሚያሳትሙት አንዷ ነበሩ፤ በ1998 ዓ.ም. ታስረው ልጃቸውን በእስር ቤት ወለዱ፤ በ1999 ዓ.ም. ነጻ ተብለው ወጡ። መምህርት ርዕዮት ዓለሙ በ«ፍትሕ» ጋዜጣ ዓምደኛ ሳሉ በ2003 ዓ.ም. ታሰሩ፤ እስከ 2007 ዓ.ም. በወህኒ ቆዩ፤ በዚያው ሳሉ በ2005 ዓ.ም. የዩኔስኮን የፕሬስ ነጻነት ሽልማት አገኙ። ዓለም አክብሯቸዋል። እኛ ግን ስማቸውን ከእስራቸው ጋር ብቻ አጣብቀን አስቀረነው። ምን ጻፉ? ምን ጠየቁ? ምን ቢሉ ነው ብዕራቸው የተፈራው? ስለ ሴት መታገሥ ማውራት ይቀልለናል፤ ስለ ሴት ማሰብ ማውራት ይከብደናል። መከራዋን አድንቆ ሐሳቧን የሚዘነጋ ሰው ያንኑ አሮጌ ብሂል በአዲስ ልብስ ይደግመዋል።

በትምህርት ቤት ባሳለፍኋቸው ዓመታት በሚኒ ሚዲያው ዘወትር ያየሁት ይህን ነው፤ ወንዶቹ ጽሑፉን ይመርጣሉ፣ ያርማሉ፤ ልጃገረዶቹ ድምፃቸው ያማረ ነው እየተባለ የተመረጠውን ያነባሉ። ማንበብ ክብር ነው፤ መምረጥ ግን ሥልጣን ነው። በሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ያላችሁ እህቶች የምርጫውን ወንበር ጠይቁ። ወንድሞችም ወንበሩን ስትለቁ ችሮታ የሰጣችሁ አይምሰላችሁ፤ ዕዳ መክፈላችሁ ነው።

ወንበሩን ያገኘች ልጅም በአዘጋጅነት ስሟ አትርካ። እናቶቻችን እንሰት ሲፍቁ ውለው ቆጮውን ሸጠው የሚያመጡትን ገንዘብ በቤት ማን ያዝዝበታል ብላ ትጠይቅ። ከክፍሏ መካከል በዓመቱ እኩሌታ የቀረችው ጓደኛዋ ለምን ቀረች፣ ወደ አዲስ አበባ ለሰው ቤት ሥራ የላካትስ ማን ነው ብላ ትጠይቅ። መልሱንም አጣርታ፣ ሰው ሳታዋርድ፣ እውነቱንም ሳትሸራርፍ በፊተኛው ገጽ ታውጣው። ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ትሁን አሥረኛዋ መቁጠር አያስፈልገንም።