ሠዓሊ ከምን ይቀዳል?

ሰው ሁሉ ሥዕልን ሲያመሰግን «ቁርጥ ራሱን ይመስላል» ይላል። ምስጋናው ከልብ የመጣ ቢሆንም አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ይኸውም ሥዕሉ የሚመስለው ሜዳውን ነው ወይስ ሌላ ሥዕልን ነው? የሚል ነው። ሠዓሊ የሚቀዳባቸው ምንጮች ሦስት ናቸው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ዐይኑ የሚያየው ፍጥረት አለ፤ ልቡ ያኖረው ትዝታ አለ፤ ሕዝብ የሚደሰትበት ዘፈንና ጨዋታም አለ። አራተኛው የሌላ ሰው ሥዕል ነው፤ እርሱ ግን ምንጭ ሳይሆን የሰው እንስራ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ላይ ወርዶ ምሳውን ሲበላ፣ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሣለውን ልብ ብሎ ይመልከት። የፋሲል ግንብ አለ፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ፤ ከጀበናዋ አጠገብ የተቀመጠች ቆንጆ አለች፤ ማሲንቆውን ያቀና አዝማሪ አለ። የፎገራ ሜዳም አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፤ ነገር ግን ሣር ለብሶ፣ ከብት ተሰማርቶበት፣ አንድ እረኛ በትሩን ተደግፎ ቆሞበት ነው። ሩዝ የለበትም፤ ውሃም የለበትም። ከመስኮቱ ውጭ ግን የሩዝ መፈልፈያው እየጮኸ፣ ጆንያው በጋሪ እየተጫነ ያልፋል። በግድግዳውና በመስኮቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም፤ ሠዓሊው ግን አልተሻገረውም።

ነገሩ ቀላል አይምሰለን። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው በክረምት ሜዳውን እያለበሱ ወደ ጣና ይገባሉ። ይህ ውሃ ለም አፈር የሚያመጣውን ያህል ቤትም ያፈርሳል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ሩዝ በደርግ ዘመን ወደ ሜዳው ከገባ ወዲህ፣ ቀድሞ ውሃ ተኝቶበት ከግጦሽ በቀር ለሌላ የማይፈለገው መሬት እህል የሚታፈስበት ሆነ። ለብዙ ቤተ ሰብ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ያው ሩዝ ግጦሹን አጠበበው፤ በወተቱ ስሙ የተጠራው የፎገራ ከብትም ሜዳው ጠበበበት። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲፈጸም፣ ደስታውንም ኀዘኑንም በአንድ ሸራ ላይ ማኖር የሚችለው ሠዓሊ ነበር።

«እንግዲያስ የቀድሞውን ሜዳ የሚሥል ሰው ዋሸ ማለት ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። በልጅነቱ ቡሬውን በሬ ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌ ያን በሬ ቢሥል እውነተኛ ሠዓሊ ነው፤ የትኛው ቀንዱ እንደ ተጣመመ ያውቃልና። የግድግዳው በሬ ግን ሁለቱም ቀንዶቹ እኩል ናቸው። የማንም በሬ አይደለም።

ከዚሁ ሜዳ ማዶ፣ በጣና ደሴቶችና በጎንደር፣ የቀድሞ ሠዓሊዎች ሥራ ገና ቆሞ ይመሰክራል። እነርሱም ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ሥርዐት ነበራቸው፤ ጻድቁን በሁለት ዐይኑ፣ ክፉውን በጎን አዙረው በአንድ ዐይኑ ይሥሉ ነበር። ይሁን እንጂ ሥርዐቱ ዐይናቸውን አልሸፈነውም። በናርጋ ሥላሴ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቃ ትታያለች። በዘመኑ የጎንደር ሥዕሎች የቅዱሳኑ ልብስ ራሱ በቤተ መንግሥት ይታይ የነበረውን ባለ አበባ ጨርቅ ይመስላል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከሩቅ አንድ የመሰሉት ሲቀርቧቸው አንዱ የሚያስብ፣ አንዱ ፈገግ ያለ መስሎ ያገኛቸዋል። ዛሬ ለአገር ጎብኚ በፍየል ቆዳ ላይ የሚገለበጡት ግን ሁሉም አንድ ዐይነት ያፈጥጣሉ። እጁ ሳይደክም አልቀረም፤ ልቡ ግን ሥራ አልያዘም።

ከጨዋታና ከዜማ መቅዳትም እንዲሁ ነው። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የሚያሳየውን ሥዕል የማያውቅ የለም። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በቅዱሱ እግር ላይ ተክሎታል፤ ዘማሪውም በተመስጦ አልተሰማውም። ሠዓሊው ድምፅን መሣል ስለማይችል የሰሚውን መመሰጥ ሣለልን። የምግብ ቤቱ አዝማሪ አፉን ከፍቷል፤ የሚሰማው ሰው ግን በሥዕሉ ውስጥ የለም። በግጥም የተነካው ጌታ፣ ሣቁን በነጠላው የሸፈነችው እመቤት፣ ለሽልማት ኪሱን የሚዳብሰው ሰካራም የት ሄዱ? አዝማሪ ያለ እነርሱ ጌጥ እንጂ አዝማሪ አይደለም።

ለዚህ አገሩን ለቆ የሄደ ሰው አብነት ሊሆነን ይችላል። እስክንድር ቦጎስያን በፓሪስ ተቀምጦ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» የተሰኘውን ሥዕሉን ሠራ። ሜዳና ተራራ በፊቱ አልነበሩም። ሆኖም ደብተራ በብራና ጥቅልል ላይ የሚሥለውን የክታብ ዐይንና ሐረግ ከትዝታው እያወጣ፣ እንደ ገና እየፈጠረ በሥራዎቹ ውስጥ አኖራቸው። ከደብተራው ወሰደ፤ ደብተራውን ግን አልገለበጠም።

ወቀሳው በሠዓሊው ብቻ ላይ እንዳይወድቅ ደግሞ ከፋዩንም እንይ። የወረታ ወጣት ብሩሹን ይዞ ሲመጣ ባለ ቤቱ «ግንቡን ሣልልኝ» ይለዋል፤ ወጣቱም እንጀራ ይበላልና ይሥላል። ሩዙን ቢሥልለት ኖሮ «ይህን በየቀኑ አየው የለም ወይ?» ብሎ ዋጋውን የሚቀንስበት ይመስለኛል። በየቀኑ የምናየው ነገር ዋጋ እንደሌለው ማን እንደ ነገረን አላውቅም።

አንድ ባለ ብሩሽ በነሐሴ ወደ ሜዳው ቢወርድ ግን ምን ያገኛል? ሴቶችና ልጆች እግራቸው ጭቃና ውሃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ጎንበስ ብለው ሩዝ ያርማሉ። ሰማዩ ከላይም አለ፤ በእግራቸው መካከልም ተኝቷል። ከዳር ራሱ ላይ ዘውድ የደፋ የሚመስለው ትልቁ ወፍ ቆሟል። ከወደ ደረቁ በኩል በደቦ የተጠሩ ሰዎች አንዱ አውጥቶ ሌሎቹ ሲቀበሉት ይሰማል፤ አንዲት ሴትም ጀርባዋን ለማሳረፍ ቀና ብላ ያን ዘፈን ታዳምጣለች፤ እጇ ላይ የያዘችው አረም ውሃው ይንጠባጠባል።