በደብተር መካከል ስለ ተደበቀ ስለት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደብተርና እርሳስ መያዙ የተገባ ነው። ነገር ግን በደብተሩ መካከል ሰንጢ ወይም ጩቤ ደብቆ የሚሄድ ተማሪም አለ። ይህን እኔ ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ፣ በሒርናና በገለምሶ ባስተማርሁባቸው ዓመታት በዐይኔ አይቻለሁ። «ይህ ልጅ ስለ ምን ስለት ያዘ?» ተብለን በተጠየቅን ጊዜ፣ እኛ መምህራን የምንሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ይኸውም «ባለጌ ስለ ሆነ ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ ብዙ ዘመን ስመልስ ኖሬ ዛሬ ልነቅፈው ተነሥቻለሁ። የምነቅፈውም ከሁሉ አስቀድሜ በራሴ ላይ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የሚማር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቢላዋ ይዞ ተገኘ። ልጁ ዝምተኛ ነበር፤ ከማንም ጋር ሲጣላ አልታየም። እኛ ግን ተሰብስበን በሩብ ሰዓት ውስጥ ከትምህርት ቤት እንዲባረር ወሰንን። «ለምን ያዝኸው?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም እጄን አውጥቼ ውሳኔውን ከደገፉት አንዱ ነበርሁ።

ከሁለት ወር በኋላ እናቱን ገበያ ውስጥ ሸንኮራ ስትሸጥ አገኘኋት። ልጁ ማታ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ ጎረምሶች እየጠበቁ ሦስት ጊዜ እንደ ደበደቡት ነገረችኝ። «ለእርስዎ ሊነግርዎ አስቦ ነበር፤ ነገር አመላላሽ እንዳይባል ፈርቶ ተወው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «መምህር፣ ልጄስ አንዴ ቀርቷል፤ ቢላዋዬን ግን አስመልሱልኝ፤ ሸንኮራ የምቆርጥበት እርሱ ነበር» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ቢላዋውን ከመሳቢያ አውጥቼ መለስሁላት። ልጁን ግን ልመልስላት አልቻልሁም።

እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሬ ስለት ይዞ የተገኘውን ሁሉ ብቻውን አስቀምጬ እጠይቅ ጀመር። ለመታየትና ለመኩራራት የያዘ አልጠፋም፤ የወንድሙን ቂም ሊወጣ የያዘም ነበር። የሚበዙት ግን የያዙት ፈርተው ነው። ስለዚህ ስለቱ የድፍረት ምልክት የሚመስለው ለሚያየው እንጂ፣ ለያዘው የፍርሃቱ ማስረጃ ነው። ክፋቱም ይህ ነው፤ አንዱ ፈርቶ ሲይዝ ሁለተኛው እርሱን ፈርቶ ይይዛል፤ ሦስተኛውም ሁለቱን ፈርቶ ይይዛል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ሰንጢ በገባችበት በር ገጀራ ይከተላል።

በአገራችንም ፍርሃት ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ቤተ ሰቡ ሲሸሽ ያየ ልጅ ፊደል ስለ ቈጠረ ብቻ ፍርሃቱን ከትምህርት ቤት በር ላይ ጥሎ አይገባም። በ2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቶ ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«በር ላይ ፍተሻ ይጠንክር» የሚሉ አሉ። ፍተሻው ይኑር፤ አልቃወምም። ነገር ግን ፈታሽ ከረጢትን እንጂ ልብን አይፈትሽም። በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ፣ ኮሎምባይን በሚባለው ትምህርት ቤት፣ በ1991 ዓ.ም. ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ። ለዚያ ትምህርት ቤት የታጠቀ ፖሊስ ተመድቦለት ነበር።

እኔ በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በበሩ አጠገብ አንድ የእንጨት ሣጥን ነበር። ከገጠር የምንመጣው ልጆች ጅብ ስለምንፈራ በትርና ቢላዋ ይዘን እንመጣ ነበር። ጧት ከሣጥኑ እንጨምራለን፤ ማታ ስንወጣ እንወስዳለን። መምህራችን ማንንም አልሰደበም፤ «ማንን ትፈራለህ? መንገድህስ በየት ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር እንጂ። መንገዳችን አንድ የሆነውንም አብረን እንድንሄድ ያደርገን ነበር። ታላቁ ጥበብ ሣጥኑ ሳይሆን ጥያቄው እንደ ነበረ የገባኝ ከሸመገልሁ በኋላ ነው።

የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ያሳደጉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያ አገር የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። የመድፍን ኀይል ከእርሳቸው ይበልጥ የሚያውቅ በዚያን ጊዜ ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ የአገራቸውን ጉድለት ለመንቀፍ በፈለጉ ጊዜ አውሬዎችን የሚያናግር ቴያትር ጻፉ። ይህም የመጀመሪያው የአማርኛ ቴያትር ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አለ፤ ሰው የተበደለውን በአንደበቱ እንዳይናገር ሲከለከል፣ ሁሉ እንደ እርሳቸው ብዕር አያነሣም፤ ብረት የሚያነሣም አለ።

እኛም በትንሹ ዓለማችን ያደረግነው ይህንኑ ነው። የተመታውን ልጅ «ወንድ ልጅ አይከስም» አልነው፤ የተናገረውን «ነገር አመላላሽ» አልነው። አፉን ዘግተን እጁን ፈታነው፤ እጁ ብረት ሲጨብጥ ደግሞ ባለጌ ብለን አባረርነው። ይህን ፍርድ ማን ትክክል ነው ይለዋል?

አንተ ግን ልጄ፣ አንቺም ልጄ፣ የእኛን ጥፋት ለእናንተ ጥፋት ማመካኛ አታድርጉት። ኪስህ ውስጥ ያለው ሰንጢ የማታውቀውን ሰው ሳይሆን ከጎንህ የሚቀመጠውን ጓደኛህን ሊወጋ ይችላል፤ በአንዲት የቍጣ ደቂቃ የሁለት እናቶች ቤት ይፈርሳል። «ፈርቻለሁ» ብሎ ለመምህር ወይም ለወላጅ መናገር ብዙ ድፍረት ይጠይቃል፤ ስለት መደበቅ ግን ኪስ ብቻ ይበቃዋል። ጓደኛህ ብቻውን በሚፈራው መንገድ አብረኸው ሂድ። መምህር የሆንህ እንደ ሆነም፣ ከመፍረድህ በፊት ጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋልና፤ እኔ ሩብ ሰዓት ቸኵዬ ያጠፋሁትን በቀረኝ ዕድሜ ሁሉ ልጠግነው አልቻልሁም።