አንሰል አዳምስና ሰው የሌለባቸው ተራሮች

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በ1984 ዐረፈ። በወጣትነቱ ፒያኖ ተምሮ ኑሮውን በዚሁ ሊመራ አስቦ ነበር፤ ኋላ ግን የካሊፎርኒያ ተራሮች፥ ይልቁንም የዮሰሚቲ ሸለቆ፥ ልቡን ማረኩት።

ብዙዎች የሚያመሰግኑት ተፈጥሮን እንዳለች ስላሳየ ነው። ይህ ምስጋና ግን ሥራውን ያሳንሰዋል። በ1927 ሃፍ ዶም የተባለውን ዐለት ሲያነሣ፥ በካሜራው ዓይን ላይ ቀይ መስተዋት አድርጎ ሰማዩን ወደ ጥቁርነት አቀረበው፤ ይኸውም ዓይን ያየውን ሳይሆን ልብ የፈራውን ግርማ ለመግለጥ ነው። ነጌቲቩን እንደ ዜማ ጽሕፈት፥ ኅትመቱንም እንደ ዜማው መዜም ይቈጥረው ነበር። ድጓ የተማረ ሰው ይህን ፈጥኖ ያስተውለዋል፤ ምልክቱ አንድ ሲሆን የመሪጌቶቹ ድምፅ ይለያያልና።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው በ1941 በኒው ሜክሲኮ፥ በሄርናንዴዝ መንደር ያነሣው ነው። ጨረቃ በጨለመው ሰማይ ላይ ወጥታለች፤ ከታች ጥቂት ቤቶች፥ ታናሽ ቤተ ክርስቲያንና የመቃብር መስቀሎች የምትጠልቀውን ፀሐይ የመጨረሻ ብርሃን ተቀብለው ያበራሉ። የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ ቢያጣ፥ አስቀድሞ ከሚያውቀው ከጨረቃ የብርሃን ልክ ተነሥቶ አሰላ። ሁለተኛ ሊያነሣ ሲሰናዳ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ አልፎ ነበር። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ሥዕሉን ደጋግሞ ሲያትም ሰማዩን እያጠቈረው ሄደ።

የዚህ ሥዕል ብልጫ ሰው የኖረበትንና የሞተበትን ምድር ማሳየቱ ነው። በዮሰሚቲ ሥዕሎች የጎደለው ይኸው ነው። ሸለቆው ባዶ አልነበረም፤ አህዋህኒቺ የተባሉ ተወላጆች ይኖሩበት ነበርና፥ በ1851 የጦር ጭፍራ ገብቶ አሳደዳቸው። የአዳምስን ሥዕል ብቻ የሚያይ ግን ምድሪቱ በሦስተኛው ቀን እንደ ተፈጠረች፥ ስድስተኛው ቀን ገና እንዳልደረሰ ያስባል። እርግጥ ነው፥ ሥዕሎቹ ጠቅመዋል፤ በ1938 ስለ ሴራ ኔቫዳ ያሳተመው መጽሐፍ፥ በ1940 ኪንግስ ካንየን በሕግ እንዲጠበቅ ረድቷል።

ሰውን ጨርሶ ረሳ ማለት ግን ግፍ ነው። በ1943 በጦርነቱ ምክንያት የጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ወደ ተጋዙበት ወደ ማንዛናር ሄዶ ፊታቸውን አነሣ፤ በ1944ም መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ሥዕሎቹን ኋላ ለአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ዛሬ በየግድግዳው በሚሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ላይ የሚታዩት ግን ተራሮቹ ናቸው።