«አገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» ስለሚባለው ቃል ሰምና ወርቅ

በኢትዮጵያ አደባባይ ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት አጫጭር ቃሎች አንዱ «አገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው ነው። ሕዝቡ ቃሉን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይሰጠዋል። ባለሥልጣን በጉባኤ ይናገረዋል፤ ሰባኪ በዐውደ ምሕረት ይጠቅሰዋል፤ በክርክር የተረታ ሰውም ባለጋራውን ዝም ለማሰኘት ይመዘዋል። አንድን ቃል ሁሉም ወገን ወደየራሱ ሲጎትተው ግን፥ ቅኔ እንደሚፈታ ሁሉ ሰሙን ገልጦ ወርቁን መመርመር ተገቢ ነው።

ቃሉ በአሠራሩ ያማረ ነው። እንደ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ቆሟል፤ ሁለቱም ቤት በአንድ ቃል ይመታል፤ «የጋራ» እና «የግል» ፊት ለፊት ተነጻጽረዋል። ለመያዝ ስለሚመችም ፊደል ያልቈጠረው ሳይቀር በቃሉ ይዞታል። ይሁን እንጂ ማማሩ ጉድለቱን ሸፍኖለታል። «የጋራ» የተባለው ለሁሉ ግልጥ ሲሆን፥ «የግል» የተባለው ኅብር ነውና ሁለት ፍች ይሰጣል።

«የግል» ማለት፥ ማንም ሰው ተገዶ አያምንም፥ ስለ እምነቱም ከሹመትና ከፍርድ አይከለከልም ማለት ነው። ይህ ፍች እውነት ነው፤ ወንጌል በሰይፍ ይሰበክ ዘንድ አልታዘዘምና። አንድም «የግል» ማለት፥ ሃይማኖት በቤት ተዘግቶ ይቀመጥ፥ ስለ ፍርድ፥ ስለ ድኃ፥ ስለ ፈሰሰው ደም በአደባባይ አይናገር ማለት ነው። ይህኛው ግን በቃሉ ላይ የተጫነ ሸክም እንጂ የቃሉ ወርቅ አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኢጣልያኖች ጥይት የወደቁት ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ስለ ገዘቱ ነው። ሃይማኖታቸው በጓዳ የሚቀር ቢሆን ኖሮ፥ አገር በአደባባይ ሐውልት ባላቆመችላቸውም ነበር።

የቃሉን ዘመን የመረመረ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጓል፤ ንጉሠ ነገሥቱም የዚችው ሃይማኖት አማኝ እንዲሆን አዝዟል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሃይማኖት በሕግ የግል አልነበረም፤ ቃሉም ለሌላው አማኝ ተስፋ እንጂ ፍጻሜ አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ደርግ ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት ለየ፤ እጁን ግን አላነሣም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ታስረው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፥ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ደነገገ። አንቀጹ ሁለት እግር አለው፤ አንባቢው ብዙ ጊዜ የሚያነበው ግን ለእርሱ የሚጠቅመውን አንዱን እግር ብቻ ነው።

ይህም በ2015 ዓ.ም. ተገለጠ። ጥር 14 ቀን በወሊሶ አቅራቢያ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ ጳጳሳትን ሾሙ፤ ሲኖዶሱም አወገዛቸው። ቤተ ክርስቲያን መንግሥት በውስጥ ጉዳይዋ እጁን አስገባ ብላ ተቃወመች፤ ምእመናንም በጾመ ነነዌ ጥቁር ለበሱ። ለየካቲት 5 ቀን የተጠራው ሰልፍ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋራ ንግግር ከተደረገ በኋላ እንዲቆይ ሆነ፤ በዚያው ወር ስምምነት ተደረገ።

«የግል» የሚለውን ለሚያጠብብ ሰው ያ ጥቁር ልብስ ፖለቲካ ነው። ነገር ግን የተለበሰበት ጾም ራሱ መልስ ይሰጣል፤ ዮናስ የተላከው ለአንድ ቤት ሳይሆን ለከተማ ነው፤ ማቅ የለበሰውም ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ከዙፋኑ የወረደው ንጉሥ ጭምር ነው። ይህ ታሪክ የሚገሥጸው ግን ቤተ መንግሥትን ብቻ አይደለም። ዮናስ ዙፋን አልጠየቀም፤ ከተማይቱ በመዳንዋ በተቈጣ ጊዜም ተገሠጸ። ንስሓን ሰብኮ የባለጋራውን ጥፋት የሚናፍቅ ምእመን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስፍራው ከነቢዩ ስሕተት ጋራ ነው።

ቃሉ በምን እንደሚፈተን ለማየት እስከ ሲኖዶስ መድረስ አያሻም፤ በአዲስ አበባ ምሥራቅ ያለውን ሲኤምሲን መመልከት ይበቃል። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው ከኢጣልያ ሥራ ተቋራጭ ኩባንያ ምሕፃረ ቃል ነው፤ ምእመኑ ግን «ሲኤምሲ ሚካኤል» ብሎ የግንበኛውን ስም ከመልአኩ ስም ጋራ አጋብቶታል። ጥር 12 ቀን የሚካኤል ታቦት በዝማሬ ወደ መንበሩ ሲመለስ አስፋልቱ ይሞላል። ያ አስፋልት በክርስቲያኑም በእስላሙም ግብር የተሠራ ነው፤ ታክሲውን አቁሞ ታቦቱ እስኪያልፍ የሚታገሠው ሾፌርም እስላም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሃይማኖት በአደባባይ ወጥቷል፥ አገርም የጋራ ሆናለች፤ ሁለቱ አልተጣሉም። ነገር ግን የሾፌሩ ትዕግሥት ብድር ነው። በኢድ ሶላት ጎዳናው ሲሞላ ክርስቲያኑ ቢያጕረመርም፥ የመጀመሪያውን ቤት ያፈረሰው እርሱ ነው።

ስለዚህ ቃሉን መጣል አይገባም፤ ጎደሎውን መሙላት እንጂ። ጉባኤ ቃና ሆኖ የቀረውን እንደ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ለማድረግ፥ ሕዝቡ ከጥንት የሚያውቀው ቃል አለ፤ ይኸውም «ፍርድ የእግዚአብሔር ነው» የሚለው ነው። ይህ ሦስተኛ ቤት ሲጨመር ሹሙ ሃይማኖትን በጓዳ ለመዝጋት አይደፍርም፤ ካህኑም የሹሙን ሰይፍ ለመዋስ አይመኝም፤ ሁለቱም ስለ ጋራው አገር የሚጠየቁበት ዳኛ ከሁለቱም በላይ ነውና።